ለታሪክ ጌም ሙዚቃ፦ ዝግጁ ትራክ፣ ሳምፕል፣ ሙዚቀኛ ወይስ ኦርኬስትራ?

በታሪክ ላይ የተመሠረተ ጌም እየሠራችሁ ነው እንበል። ሥዕሉ መልክ ይዟል፣ ታሪኩ ተጽፏል። ሙዚቃው ግን ገና ነው። ብዙ ቡድኖች እዚህ ሲደርሱ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ይመስላቸዋል፦ ወይ ርካሽ ትራክ ከኢንተርኔት መግዛት፣ ወይ ለትልቅ ኦርኬስትራ የሚሆን ገንዘብ መፈለግ። በመሃል ያሉት መንገዶች ናቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያዋጡት።

የኔን ምርጫ ከወዲሁ ልንገራችሁ። ለአነስተኛና ለመካከለኛ ቡድን፣ አብዛኛውን ነገር በሳምፕል፣ ማለትም አስቀድመው በተቀዱ የመሣሪያ ድምፆች፣ የሚሠራ የሙዚቃ ደራሲ ቀጥሮ ዋናውን ዜማ ብቻ በእውነተኛ መሣሪያ ማስቀዳት ከሁሉም ይሻላል። ለምን እንደዚያ እንደምል እያወዳደርን እንየው።

ከዋጋው በፊት አንድ ጥያቄ

ሙዚቃችሁ ከተጫዋቹ ድርጊት ጋር መቀያየር አለበት? ፊልም ውስጥ አንድ ትዕይንት ርዝመቱ የታወቀ ነው። ጌም ላይ ግን አንዱ ተጫዋች መንደሩን በሁለት ደቂቃ አልፎት ይሄዳል፣ ሌላው ግማሽ ሰዓት ይዞርበታል። በመሃል ጠላት ይመጣል፣ ይሸሻል፣ ተመልሶ ይመጣል። ሙዚቃው ይህን ሁሉ ሳይቆራረጥ መከተል አለበት።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን የተባለው ጌም ነው። አብዛኛው ሙዚቃው በአንድ ፍጥነት፣ በደቂቃ 130 ምት፣ በኤ ማይነር ቅኝት ነው የተቀዳው። ስለዚህ ከበሮው፣ ጊታሩ፣ መለከቱ በየትኛውም ሰዓት ቢገባ ወይም ቢወጣ ከሌላው ጋር ይገጥማል። ተጫዋቹ ፈረስ ላይ ሲወጣ አንድ ድምፅ ይጨመራል፣ ተኩስ ሲጀመር ሌላው ይደረባል። እንዲህ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ የየመሣሪያው ድምፅ ለየብቻ የተቀዳበት ፋይል፣ ማለትም ስቴም፣ የግድ ያስፈልጋችኋል። ከታች ካሉት አማራጮች የመጀመሪያውን የሚጥለውም ይኸው ነው።

ዝግጁ ትራክ

ዋጋው ዝቅተኛ ነው። ዛሬ ከፍላችሁ ዛሬ ታወርዳላችሁ። ለሙከራ ሥሪት፣ ለአጭር ጌም፣ ለማስታወቂያ ቪዲዮ ይበቃል።

ችግሩ ብዙ ነው። ብዙውን ጊዜ ፈቃዱ ለእናንተ ብቻ አይደለም፤ ያው ትራክ ነገ በሌላ ጌም ወይም በሳሙና ማስታወቂያ ላይ ሊሰማ ይችላል። ስቴም የሚሰጡት ጥቂቶች ናቸው። ትራኩ መጀመሪያና መጨረሻ ስላለው ሉፕ ሲደረግ፣ ማለትም እየተመለሰ ሲደጋገም፣ ስፌቱ ይታወቃል። ደግሞ «መካከለኛው ዘመን» የሚል ርዕስ ሥር የምታገኙት ሙዚቃ አንድ ሺህ ዓመትንና ግማሽ ዓለምን በአንድ ከረጢት የከተተ ነው። የታሪክ ጌም ገዢ ደግሞ ይህን የሚያስተውል ሰው ነው። የጋሻውን ቅርጽ አይቶ ስህተት የሚያወጣ ተጫዋች ጆሮም አለው።

ከገዛችሁ ግን አንድ ነገር አጣሩ። ጌሙን በቀጥታ ስርጭት የሚያሳዩ ሰዎች ትራኩ በዩቲዩብ የቅጂ መብት መለያ ውስጥ ተመዝግቦ ከሆነ ቪዲዮአቸው ላይ ጥያቄ ይመጣባቸዋል። ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁት።

የጥንት ዜማ ነፃ ነው?

ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ወጪ ለመቀነስ ያስባል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ግማሹ ብቻ ነው እውነት። ዜማው ነፃ ሊሆን ይችላል፤ ቅጂው ግን ሌላ ባለቤት አለው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ የሙዚቃ ቅጂ ከታተመ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል። ስለዚህ የ13ኛው ክፍለ ዘመን መዝሙር በቅርብ ጊዜ ከተቀዳ አልበም ላይ አንስታችሁ ጌም ውስጥ ማስገባት አትችሉም። ዜማውን ወስዶ እንደገና ማስቀዳት ግን ይቻላል።

ጥሬ ዕቃው ሞልቷል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው ጥንታዊ ዜማ የሰይኪሎስ መቃብር ድንጋይ ላይ ያለው ሲሆን ከ1ኛው ወይም ከ2ኛው ክፍለ ዘመን ዓ.ም. ነው፤ ድንጋዩ አሁን በዴንማርክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ከስፔን በንጉሥ አልፎንሶ 10ኛው ዘመን የተሰበሰቡት የካንቲጋስ መዝሙሮች ከ400 በላይ ናቸው። ነገር ግን ብዙው የድሮ አጻጻፍ ምቱን አይነግራችሁም፣ የትኛው መሣሪያ እንደሚጫወት አይነግራችሁም። ያንን የሚሞላው የምትቀጥሩት ደራሲ ነው። ስለዚህ የድሮ ዜማ ደራሲን አይተካም፤ ጥሩ መነሻ ይሰጠዋል እንጂ። ሲቪላይዜሽን 6 የተባለው ጌም ይህን በደንብ አሳይቷል። የእንግሊዝ ዜማ መነሻው «ስካርቦሮ ፌር» የተባለው የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ያው ዜማ ከጥንቱ ዘመን እስከ አቶሚኩ ዘመን በአራት ደረጃ እያደገ ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ ቀለል ያለ ነው፣ በኋላ በኦርኬስትራ ይሞላል። ተጫዋቹ ሳያውቀው ዘመን መለወጡን ይሰማዋል።

ሳምፕል ብቻ

እዚህ ደራሲው ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ፣ አስቀድመው አንድ በአንድ የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን በኪቦርድ እየተጫወተ ሙዚቃ ይሠራል። ለኦርኬስትራ የስፒትፋየር ቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የተባለው የሳምፕል ስብስብ አለ። ለታሪክ ጌም የበለጠ የሚጠቅሙት ግን ልዩ ስብስቦች ናቸው፦ የቤስት ሰርቪስ ኤራ 2 ሜዲቫል ሌጀንድስ የአውሮፓን የመካከለኛ ዘመን መሣሪያዎች ይዟል፤ የኢስትዌስት ሲልክ ደግሞ የቻይናን፣ የህንድንና የፋርስን።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ዋጋው መካከለኛ ነው፣ ማሻሻያ ቀላል ነው፣ ስቴም በፈለጋችሁት ዓይነት ይወጣል። የጌሙ ትዕይንት በመጨረሻ ሳምንት ቢቀየር ደራሲው ማታውኑ አስተካክሎ ይልካል።

የት እንደሚጎድል ደግሞ ልንገራችሁ። ከበሮ፣ ረጅም ተከታታይ ድምፅ፣ ከኋላ ለስለስ ብለው የሚሄዱ እንደ ቫዮሊን ያሉ ባለክር መሣሪያዎች በሳምፕል ጥሩ ይሆናሉ፤ ብዙ ሰው አይለይም። ብቻውን የሚወጣ ዋሽንት ግን ወዲያው ያጋልጣል። ሙዚቀኛ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድ ትንፋሹ ይቀጥላል፣ ጣቱ ቀዳዳውን በዝግታ ይለቃል፣ መሃል ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይንሸራተታል። ሳምፕሉ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎችን ያገጣጥማል። በመጀመሪያ መስማት ላይ ያልፋል። ተጫዋቹ 40 ሰዓት ሲሰማው ግን አያልፍም። በደጋን የሚጫወቱ ብቸኛ መሣሪያዎችና የሰው ድምፅም እንዲሁ ናቸው።

ደራሲ ስትመርጡ እንግዲህ የሚልክላችሁን ትልልቅ የጦርነት ትራኮች ትታችሁ አንድ ባዶ፣ ቀስ ያለ፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ያለበት ክፍል እንዲያሰማችሁ ጠይቁ። ችሎታው እዚያ ላይ ይታያል።

ሳምፕል ከአንድ ወይም ከሁለት ሙዚቀኛ ጋር

የኔ ምርጫ ይኸ ነው። መሠረቱ በሳምፕል ይሠራል፤ ጆሮ የሚከተለው ዜማ ግን በሰው እጅ ይጫወታል። አንድ እውነተኛ መሣሪያ ፊት ላይ ሲሆን ከኋላው ያሉት ሳምፕሎችም እውነተኛ ይመስላሉ። ወጪው የአንድ ወይም የሁለት ቀን ቀረጻ ነው። ዛሬ ሙዚቀኛው የትም ይሁን ከቤቱ ቀድቶ ፋይል ይልካል።

መሣሪያውን ስትመርጡ ዘመኑን አጣሩ። ጃፓንን እንውሰድ። ሻሚሰን የተባለው ባለሦስት ክር መሣሪያ ወደዚያ የገባው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጌማችሁ የ13ኛው ክፍለ ዘመን ሳሙራይ ከሆነ ትክክለኛው ቢዋ የተባለው ሌላ ባለክር መሣሪያ ነው። እንዲህ ያለውን ዝርዝር የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ሙዚቀኛው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ዜማው ከመጻፉ በፊት አነጋግሩት።

ሁልጊዜ ግን ዘመኑን በጥብቅ መከተል ግዴታ ነው አልልም። አሳሲንስ ክሪድ ብላክ ፍላግ የተባለው ጌም ታሪኩ በ1715 ይጀምራል፤ መርከበኞቹ ከሚዘፍኗቸው ዘፈኖች ብዙዎቹ ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው። ተጫዋቾች ወደዷቸው፣ እኔም ተገቢ ምርጫ ነበር እላለሁ። ወሳኙ ነገር ቡድኑ አውቆ መምረጡ ነው።

አንድ ቴክኒካል ነገር ደግሞ አለ። ብዙ የባሮክ መሣሪያ ተጫዋቾች ኤ የተባለውን ድምፅ በ415 ኸርዝ ይቃኛሉ፤ ሳምፕሉ ደግሞ በ440 ነው። ልዩነቱ ግማሽ ድምፅ ያህል ነው። ከቀረጻው በፊት ካልተስማማችሁ የተቀዳው ነገር ከመሠረቱ ጋር አይገጥምም። ለሙዚቀኛው መሠረቱን በእሱ ቅኝት አዘጋጅቶ መላክ ቀላሉ መፍትሔ ነው። የተጻፈለትን ዜማ ከተጫወተ በኋላም ጥቂት ደቂቃ በራሱ ስሜት እንዲጫወት ዕድል ስጡት። ብዙ ጊዜ የጌሙ ምርጥ ድምፅ የሚወጣው ከዚያ ነው።

ሙሉ ኦርኬስትራ

ፕራግና ቡዳፔስት ለጌምና ለፊልም የሚቀዱ ኦርኬስትራዎች አሉ፤ ደራሲው ከሩቅ ሆኖ በኢንተርኔት ይከታተላል። ውጤቱ ያምራል። ግን የምትከፍሉት ለሙዚቀኞቹ ብቻ አይደለም። ለየመሣሪያው ኖታ የሚያዘጋጅ ሰው አለ፣ መሪ አለ፣ ስቱዲዮ አለ፣ ድምፅ መሐንዲስ አለ። ቀረጻው ካለቀ በኋላ ትዕይንት ቢቀየር መመለስ ከባድ ነው። ሙዚቃው እንዲቀያየር ከፈለጋችሁ ደግሞ ባለክር መሣሪያዎችን፣ የነሐስ መሣሪያዎችን፣ ከበሮዎችን ለየብቻ ማስቀዳት አለባችሁ፤ ይህ ደግሞ ሰዓት ይበላል።

ሌላም አለ። ትልቁ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አሁን ባለው መልኩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬ ነው። ለናፖሊዮን ዘመንና ከዚያ ወዲህ ላለ ጌም ተፈጥሯዊ ነው። ለጥንት ሮም ግን ዘመኑን አይነግርም፤ ግዝፈትን ብቻ ነው የሚነግር። ግዝፈት ከፈለጋችሁ ጥሩ። ቦታውንና ጊዜውን እንዲሰማ ከፈለጋችሁ ግን ገንዘቡን ሌላ ቦታ አውሉት።

ማገናኛው ሶፍትዌርና ውሉ

ሙዚቃውን ከጌሙ ጋር የሚያገናኙት ዋነኞቹ ኤፍሞድና ዋይዝ ናቸው። ኤፍሞድ ለሙዚቃ ሰው ቶሎ ይገባል፤ መስመሩ የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር ይመስላል። ዋይዝ ለመልመድ ይከብዳል፣ ግን ለትልቅና ውስብስብ ጌም ጥልቀት አለው። ሁለቱም ለትናንሽ ፕሮጀክቶች ነፃ ፈቃድ አላቸው። የምትፈልጉት ሰላማዊና የውጊያ የሚባሉ ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ከሆነ ሁለቱንም ተዉት፤ ጌሙን የምትሠሩበት ሶፍትዌር፣ ለምሳሌ የዩኒቲ ወይም የአንሪል፣ የራሱ መሣሪያ ይበቃችኋል።

ውሉ ላይ ባለቤትነቱ የማን እንደሆነ፣ ሳውንድትራኩን ለብቻ መሸጥ የሚችለው ማን እንደሆነ፣ ስንት ጊዜ ማሻሻያ እንደተካተተ በጽሑፍ ይኑር። የሙዚቀኛውም ፊርማ ያስፈልጋል፤ የደራሲው ብቻ አይበቃም። ስቴሞቹ እንደሚረከቡ ካልተጻፈ በኋላ ለማግኘት እንደገና ትከፍላላችሁ።

ከመፈረማችሁ በፊት ለሁለት ወይም ለሦስት ደራሲ እየከፈላችሁ አንድ ደቂቃ አሠሩ። ለሁሉም አንድ ዓይነት ትዕይንት ስጧቸው፦ ሰው በባዶ ሜዳ ይሄዳል፣ ጠላት ይመጣል፣ ጠላት ይሸሻል። የመጣውን ጌሙ ውስጥ አስገብታችሁ ደጋግማችሁ ተጫወቱበት። አንድ ሰዓት ሰምታችሁት ያልሰለቻችሁን ሰው ቅጠሩ።