የሾላ ገበያ የቅጠላ ቅጠል መደብ፦ ሥሩን እንገዛለን፣ ተክሉን ግን አናውቀውም

በአዲስ አበባ ሾላ ገበያ ቅጠላ ቅጠልና ሥራሥር ከሚሸጡ መደቦች መካከል እኔ የማዘወትረው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት የያዙትን ነው። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ አሪቲ፣ ጦስኝ፣ ጌሾ፣ የወይራ እንጨት፣ እንዶድና ቀበርቾ ከመደቡ አይጠፉም። ጌሾው ሻጋታ የለበትም፣ ቅጠሉም ጠዋት ከተሄደ ትኩስ ነው፤ ዋጋው ከአጠገባቸው ካሉት ብዙም አይለይም።

መደቡን የምመርጠው ለባለቤቷ ዕውቀት ነው። ጌሾ ለሚጠይቃቸው ሁሉ አስቀድመው ለጠላ ነው ወይስ ለጠጅ ብለው ይጠይቃሉ፤ ለጠላ ከሆነ ቅጠሉን፣ ለጠጅ ከሆነ እንጨቱን ይሰጣሉ። ኮሶ ሊጠጣ የፈለገ ሰው ሲመጣ ደግሞ፣ መጠኑ ካለፈ ዓይንን እንደሚጎዳ ነግረው ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩታል። ከምንም በላይ ያከበርኳቸው በዚህ ነው። እኛ ገዢዎች በአብዛኛው ስሙን በስልካችን ጽፈን እንመጣለን፤ እንዶድን በደረቀ ፍሬነቱ ከማወቅ አልፎ ዛፍና አጥር ላይ እየተንጠላጠለ የሚያድግ ተክል መሆኑን የሚያውቅ ወጣት ጥቂት ነው።

ይህ መራራቅ የሚያሳጣን ከስም ያለፈ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን በማየታቸው ነበር ፍሬው ቢልሃርዚያ የተባለውን የጥገኛ ትል በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት። ግኝቱ ሊገኝ የቻለው እንዶዱ፣ አጣቢዎቹና ወንዙ በአንድ ቦታ ስለነበሩ ነው፤ ዛሬ ከተማ ውስጥ ልብሱን የሚያጥብ ሰው ግን ያጠበበት ውኃ ወዴት እንደሚወርድ እንኳ አያይም።

በመደቡ ላይ ያለኝ ቅሬታ ቀበርቾን ይመለከታል። ቀበርቾ በኢትዮጵያ ብቻ የሚበቅል ተክል ሲሆን የሚፈለገው ሥሩ ስለሆነ፣ ለጭስ የምንገዛው እያንዳንዱ እስር ተነቅሎ የሞተ ተክል ነው። ባለመደቧ የሚረከቡት ከጅምላ አምጪዎች በመሆኑ ከየትኛው አካባቢ እንደተቆፈረ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ ይህን ከአምጪዎቻቸው ጠይቀው ቢያውቁ መልካም ነበር። ሆኖም ጥፋቱን እሳቸው ላይ ብቻ መጣል አይገባም። አያቶቻችን በገዛ አጥቢያቸው ሲቆፍሩ ተክሉ እየሳሳ መምጣቱን በዓይናቸው ያዩ ነበር፤ እኛ ግን ቤታችንን እያጠንን መመናመኑን የምንሰማው ዋጋው ሲወደድ ነው። እኔ ከእንግዲህ ለጭስ ወይራውን ብቻ ለመግዛት ወስኛለሁ።

መደቡን ለመጎብኘት የሚያስብ ሰው ገበያው ሳይጨናነቅ በጠዋት ቢሄድ ይመረጣል፤ በበዓል ዋዜማ ባለመደቧ ለማስረዳት ጊዜ አያገኙም። አስቀድሞ ለነገራቸው ደንበኛ የጤና አዳምና የዳማከሴ ችግኝ ከነአፈሩ ያመጣሉ። ሁለቱም በቂ ፀሐይ በሚያገኝ በረንዳ ላይ በማሰሮ ይበቅላሉ። በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጆች ለሚያሳድጉ ወላጆች፣ ከደረቁ እስር ይልቅ ችግኙን እንዲያዙ አጥብቄ እመክራለሁ።