ከራይን የመርከብ ጉዞ በኋላ ስዊዘርላንድን በራስ መጎብኘት፦ የት ማረፍና የትኛውን የባቡር ካርድ መግዛት ይሻላል?

ከአምስተርዳም ተነሥቶ የራይንን ወንዝ ሽቅብ የሚጓዘው የመንገደኞች መርከብ አብዛኛውን ጊዜ በስምንተኛው ቀን ጠዋት በስዊዘርላንዷ ከተማ በባዝል መንገደኞቹን ያወርዳል። እስከዚያ ቀን ድረስ መኝታውም፣ ምግቡም፣ ጉብኝቱም በአንድ ዋጋ ተጠቃልሎ የተከፈለለት ሰው ሻንጣውን ይዞ ወንዙ ዳር ሲቆም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የራሱ ውሳኔ ይሆናል። በርካታ ተጓዦች አስቀድመው የባቡር ካርድ ይገዙና ወዴት እንደሚሄዱ የሚያስቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። የሚያርፉበት ስፍራ የሚወጡበትን ተራራ ይወስናል፣ ተራራው ደግሞ የትኛው ካርድ እንደሚያዋጣ ይወስናል። ስለዚህ ይህ ንጽጽር ከማረፊያው ተነሥቶ ወደ ካርዱ ይሄዳል፤ የታሰበውም ከሦስት እስከ ስድስት ቀን ላለው፣ መኪና ለማይከራይና ወጪውን ከራሱ ኪስ ለሚሸፍን ተጓዥ ነው።

የመርከብ ድርጅቶች ለዚህ ጊዜ ራሳቸው ያዘጋጁት ተጨማሪ ጉብኝት አላቸው። ሻንጣው ከመርከቡ ወደ ሆቴል ተወስዶ ስለሚጠብቅ፣ አስጎብኚም ስለሚመደብ፣ መራመድ ለሚከብደው ወይም ባቡር መቀየር ለሚያስጨንቀው ሰው ምቾቱ እውነተኛ ነው። ለሌላው ተጓዥ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ተራራ የሚወጣበት ቀን ከወራት በፊት ስለሚቆረጥ፣ ያን ቀን ደመና ቢሸፍነው የሚለወጥ ነገር የለም። በራሱ የሚጓዝ ሰው ጠዋት ተነሥቶ የተራራውን አናት በቀጥታ የሚያሳየውን ካሜራ ተመልክቶ ቀኑን ማዛወር ይችላል፤ በስዊዘርላንድ ተራሮች ይህ ነፃነት ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ዋጋ አለው።

የት ማረፍ?

ሉሰርን ከባዝል በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ትርቃለች። ሳምንት ሙሉ በወንዝ ላይ የቆየ ሰው ከውኃው ሳይለይ ወደ ተራራ የሚሸጋገርባት ከተማ በመሆኗ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚመጣ ሰው እኔ የምመርጠው እርሷን ነው። ጀልባው የሚነሣው ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ነው፤ በእንፋሎት የሚሠሩ አሮጌ ባለ ቀዛፊ ጎማ መርከቦች ዛሬም በሐይቁ ላይ ያገለግላሉ። ከከተማዋ በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ተጉዘው ፊትስናው ሲደርሱ፣ በ1871 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር፣ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) የተከፈተውና በአውሮፓ የመጀመሪያው የሆነው ባለ ጥርስ ሐዲድ የተራራ ባቡር 1,798 ሜትር ከፍታ ወዳለው ሪጊ ኩልም ያወጣቸዋል። በሌላው ቀን ጣሪያው ክፍት በሆነ ኬብል ካር ወደ ሽታንሰርሆርን መውጣት ይቻላል፤ ጲላጦስ የሚባለውም ተራራ በዓለም እጅግ ቁልቁለታማ በሆነው ባለ ጥርስ ሐዲድ ይታወቃል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከተማዋ ራሷ ትበቃለች፤ በ14ኛው መቶ ዘመን የተሠራው የእንጨት ድልድይ በ1993 በእሳት ተጎድቶ የታደሰ ሲሆን፣ በጣሪያው ሥር ከተረፉት ሥዕሎች ጋር ዛሬም ይታያል። የሉሰርን ጉድለት ዘላለማዊ በረዶ የለበሱት ታላላቅ ተራሮች ቅርብ አለመሆናቸው ነው፤ ከአንገልበርግ የሚወጣበት ቲትሊስ ግን ይህን በከፊል ይሞላል።

ኢንተርላከን በቱንና በብሪየንስ ሐይቆች መካከል ትገኛለች፤ ከባዝልም ባቡር ሳይቀይሩ በሁለት ሰዓት ያህል ይደረሳል። ከተማዋ ራሷ የምታልፍባት እንጂ የምትቀመጥባት አትመስለኝም፤ ውበቱ ያለው ከእርሷ በላይ ባሉት መንደሮች፣ በላውተርብሩነን፣ በቬንገን፣ በሙረንና በግሪንደልቫልድ ነው። በላውተርብሩነን ሸለቆ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ከገደል ላይ የሚወርደው የሽታውብባህ ፏፏቴ ከመንደሩ መንገድ ላይ ይታያል፤ ቬንገንና ሙረን ደግሞ መኪና የማይገባባቸው፣ በባቡር ወይም በኬብል ካር ብቻ የሚደረስባቸው ናቸው። ከዚህ ክልል ነው በ1912 ተጠናቆ የተከፈተው የዩንግፍራው ባቡር በአይገር ተራራ ሆድ ውስጥ አልፎ 3,454 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው፣ በአውሮፓ ከፍተኛው ወደሆነው የዩንግፍራውዮክ ባቡር ጣቢያ የሚወጣው። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ከግሪንደልቫልድ ተርሚናል የሚነሣው ኬብል ካር እስከ አይገርግሌቸር ጣቢያ ያለውን መንገድ ወደ 15 ደቂቃ ስላሳጠረው፣ ደርሶ መልሱ ከቀድሞው ይልቅ ቀሏል።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው 3,454 ሜትር ከእንጦጦ አናት ብዙም የራቀ ባለመሆኑ ሰውነቱ አይደነግጥም። በባሕር ጠለል አጠገብ፣ በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖርና በተለይ ዕድሜው ለገፋ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ግን በአንድ ጠዋት እዚያ መውጣት ከባድ ሊሆን ስለሚችል፣ አስቀድሞ ሐኪም ማማከር ይገባል። እናቴን ይዤ ብሄድ ከዩንግፍራው ይልቅ ሪጊን እመርጥላታለሁ።

ወደ መንደሮቹ የሚሄድ ሰው ሊጠነቀቅበት የሚገባ ነገርም አለ። ከኢንተርላከን ኦስት የሚነሣው ባቡር ስቫይሉቺነን ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ ገሚሱ ወደ ላውተርብሩነን፣ ገሚሱ ወደ ግሪንደልቫልድ ስለሚሄድ፣ ከመግባት በፊት በፉርጎው ላይ የተጻፈውን መድረሻ ማንበብ ያስፈልጋል። ከመርከብ የወረደ ትልቅ ሻንጣ ይዞ ባቡር መቀያየርም አድካሚ ስለሆነ፣ ሻንጣን ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚያደርሰውን የባቡር ድርጅቱን አገልግሎት መጠቀም ወይም ታችኛው ሸለቆ ላውተርብሩነን ውስጥ ማረፍ ይበጃል።

ዘርማት በማተርሆርን፣ በዚያ 4,478 ሜትር ከፍታ ባለው ሾጣጣ ተራራ ግርጌ ናት። ከባዝል በፊስፕ በኩል ከሦስት ሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ መመለሻውም ወደ ዙሪክ አየር ማረፊያ ከዚያ ያላነሰ ነው። ከሦስት ሌሊት በታች ላለው ሰው አልመክረውም። አምስት ወይም ስድስት ሌሊት ያለው ግን ሁለቱን ሉሰርን፣ ሦስቱን ዘርማት አድሮ ከ1898 ጀምሮ በሚሠራው ባቡር 3,089 ሜትር ወዳለው ጎርነርግራት ቢወጣ የሚቆጭበት አይሆንም። በመጨረሻው ሌሊት ግን ወደ አየር ማረፊያው መቅረብ አለበት።

የትኛው ካርድ?

ለውጭ አገር ጎብኚ ዋነኞቹ ሁለት ናቸው። ስዊስ ትራቭል ፓስ በተከታታይ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ቀናት ባቡር፣ አውቶቡስ፣ የሐይቅ ጀልባ፣ የከተማ ትራም እንዲሁም ከ500 የሚበልጡ ሙዚየሞችን ያጠቃልላል። ሃፍ ፌር ካርድ ደግሞ ለአንድ ወር አብዛኛውን የጉዞ ዋጋ በግማሽ ይቀንሳል። በ2024 የዋጋ ዝርዝር በሁለተኛ ማዕረግ የ3 ቀኑ ፓስ 244 ፍራንክ፣ የ4 ቀኑ 295 ፍራንክ ሲሆን ሃፍ ፌር ካርዱ 120 ፍራንክ ነበር። ዋጋ ስለሚለወጥ የሚገዙበትን ዓመት ዋጋ ተክተው ያስሉ፤ ስሌቱ ግን ያው ነው።

የ4 ቀኑ ፓስ ከሃፍ ፌር ካርዱ በ175 ፍራንክ ይበልጣል። በሃፍ ፌር የሚጓዝ ሰው ግማሹን ስለሚከፍል፣ ፓሱ የሚያዋጣው በአራቱ ቀናት ውስጥ ፓሱ ሙሉ በሙሉ የሚሸፍናቸው ጉዞዎች መደበኛ ዋጋ ሲደመር ከ350 ፍራንክ ካለፈ ብቻ ነው። በ3 ቀኑ ፓስ ልዩነቱ 124 ፍራንክ ስለሆነ ወሰኑ 248 ፍራንክ ይሆናል። በባቡር ድርጅቱ መተግበሪያ ላይ የታሰቡትን ጉዞዎች አንድ በአንድ አስገብቶ ዋጋቸውን መደመር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም፤ ያን ግማሽ ሰዓት የሚሰጥ ሰው በእርግጠኝነት ይገዛል።

አሁን ማረፊያው ለምን መቅደም እንዳለበት ይታያል። ስዊስ ትራቭል ፓስ ሪጊን፣ ሽታንሰርሆርንንና ሽቶስ የሚባለውን ተራራ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያካትታል፤ በጲላጦስና በቲትሊስም ግማሽ ዋጋ ያስቀንሳል። ስለዚህ ሉሰርን አርፎ በየቀኑ ጀልባ ለሚሳፈር፣ ሁለት ተራራ ለሚወጣና አንድ ቀን በርንን ለሚጎበኝ ሰው ፓሱ ምቹ ነው፤ ትኬት መቁረጥ የሚባል ነገርም አያስጨንቀውም። በዩንግፍራው በኩል ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፓሱ እስከ ቬንገን፣ ሙረንና ግሪንደልቫልድ ድረስ ይሸፍንና ከዚያ በላይ ለዩንግፍራውዮክ የሚያስቀንሰው 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ሃፍ ፌር ካርዱ ግን 50 በመቶ ያስቀንሳል። ከኢንተርላከን የሚነሣው የዩንግፍራውዮክ ደርሶ መልስ በሞቃቶቹ ወራት ከ200 ፍራንክ በላይ ስለሆነ፣ ሃፍ ፌር ካርዱ በዚያ አንድ ቀን ብቻ አብዛኛውን ዋጋውን ይመልሳል። በዚህ ሸለቆ ለሚያርፍ ሰው ያለ ብዙ ማመንታት ሃፍ ፌርን እመክራለሁ። ለጎርነርግራት ሁለቱም ካርዶች ግማሽ ስለሚያስቀንሱ፣ ለዘርማት የሚወስነው የባቡሩ ርቀት ነው፤ በአጭር ጊዜ ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ፓሱ ያመዝናል።

ሦስተኛ አማራጭ የሚሆኑት የክልል ፓሶች ናቸው። ቴል ፓስ በሉሰርን ዙሪያ ያሉትን ሪጊን፣ ጲላጦስን፣ ቲትሊስንና ሽታንሰርሆርንን ከጀልባዎቹ ጋር ያጠቃልላል፤ ከሉሰርን ሳይወጣ በየቀኑ ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚወዳደረው የለም፤ ከባዝል የሚያመጣውንና ወደ አየር ማረፊያ የሚመልሰውን ባቡር ግን ለብቻው መክፈል ይኖርበታል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ከፓሱም ሆነ ከሃፍ ፌር ካርዱ ጋር በነፃ የሚሰጠውን የቤተሰብ ካርድ መጠየቅ አይርሳ፤ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከወላጃቸው ጋር በነፃ ይጓዙበታል።

ከመርከብ ለሚወርድ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ዋጋው በጣም የረከሰው የባቡር ትኬት በተወሰነ ሰዓት ለሚነሣ አንድ ባቡር ብቻ የሚያገለግል ነው። ራይን ደግሞ እንደ 2018 እና 2022 ባሉ ድርቅ በበረታባቸው ዓመታት ውኃው ይጎድላል፤ ያን ጊዜ መርከቦች ባዝል ድረስ መድረስ ያቅታቸውና መንገደኞች በአውቶቡስ ይጓጓዛሉ። ስለዚህ ለመውረጃው ቀን ጠዋት ሰዓት የተቆረጠበት ርካሽ ትኬት አይግዙ። ሃፍ ፌር ካርድ ያለው ሰው በማንኛውም ባቡር የሚያስሄደውን ተራ ትኬት በግማሽ ዋጋ ስለሚያገኝ መዘግየቱ አይጎዳውም፤ የፓስ ባለቤትም እንዲሁ።

ቪዛ ለሚያስፈልጋቸው

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ በአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም እንኳ፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም ከ2008 ጀምሮ በሸንገን ውስጥ ስላለች ለመርከቡም ለተራራውም አንዱ ቪዛ ይበቃል። ነገር ግን ማመልከቻው የሚቀርበው ረጅም ጊዜ ለሚቆዩባት አገር ኤምባሲ ነው። ለራይኑ ጉዞ ብቻ ከሆነ መርከቡ ብዙ ሌሊት የሚያድረው በጀርመን በመሆኑ ማመልከቻው ወደዚያ ሊያመራ ይችላል፤ አምስት ሌሊት ስዊዘርላንድ ሲጨመርበት ግን ዋና መድረሻዋ ስዊዘርላንድ ልትሆን ትችላለች። ሌሊቶቹን አገር በአገር ቈጥሮ ሳይጨርስ ቀጠሮ የያዘ ሰው በተሳሳተ ደጅ ሊቆም ይችላል። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍነው የጉዞ የጤና ዋስትናም ከመርከቡ ቀናት አልፎ እስከ መመለሻው በረራ ድረስ የሚዘልቅ መሆን ይኖርበታል፤ ሆቴሎቹም ቪዛው እስኪገኝ ድረስ ያለ ቅጣት ሊሰረዙ የሚችሉ ሆነው ቢያዙ ይመረጣል።