ከአንድ ዱቄት ሦስት ጀበና

ጅማ ዝናብ ከጀመረ ማን ያቆመዋል? ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ ቡና ቤት ተጠልለን፣ ቶናው ሲቀዳ ክርክር ተነሳ። ፒተር ጃክሰን ከቶልኪን መጻሕፍት ከሠራቸው ፊልሞች የትኞቹ ይሻላሉ?

«የቀለበቶቹ ጌታ» ሦስት ቅጽ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2001 እስከ 2003 ሦስት ፊልም ወጣው። መጽሐፉ ላይ ደኑ ውስጥ እየዘፈነ የሚኖረው ቶም ቦምባዲል ግን ፊልሙ ላይ ጭራሽ የለም። አንዱ ጓደኛዬ ይህን እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። «ደኑ ውስጥ ዘፈኑን እየጠበቅኩ ቀረሁ» ይላል። እኔ አልከፋኝም፤ ታሪኩ ሳይጎዳ ነው የተቆረጠው። የመጨረሻው ፊልም እንደውም 11 ኦስካር ወስዷል።

«ሆቢት»ስ? እ.ኤ.አ. በ1937 የታተመ አንድ የልጆች መጽሐፍ ነው። እሱንም ሦስት ፊልም አደረጉት! ከአንድ ዱቄት አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው። ሦስተኛው ቀጠነብኝ፤ ጦርነት፣ ጦርነት፣ አሁንም ጦርነት። ደግሞ መጽሐፉ ላይ የሌለች ታውሪየል የምትባል ተዋጊ ሴት መጥታ ከአንዱ ድንክ ጋር ፍቅር ጀመረች። እኔ ተናደድኩ። ፊልሙን ቀድማ ያየችው ጓደኛችን ግን ሲኒዋን አስቀምጣ፣ «መጽሐፉ ውስጥ አንዲት ሴት ጀግና አሳየኝ እስቲ» አለችኝ።

ዝም አልኩ። እውነቷን ነው።

በዘንዶው በስማውግ ብቻ ሁላችንም ተስማማን። በረካውም መጣ። ቀጥኗል፤ ግን ማንም አልመለሰውም።