«ቱ ሃል ኤንድ ባክ»፦ ዴል ቦይ ያለ ተመልካች ሳቅ

የእንግሊዙን የቴሌቪዥን ኮሜዲ የ«ኦንሊ ፉልስ ኤንድ ሆርስስ»ን አድናቂዎች ማከራከር ከፈለጋችሁ «ቱ ሃል ኤንድ ባክ» ስለሚባለው ክፍል ጠይቋቸው። እኔ እንግሊዝ አገር በምሠራበት የጭነት ዴፖ ይህ ጥያቄ ሲነሳ የሁሉም ሻይ ይቀዘቅዛል። አንዱ «ከዚህ የሚበልጥ ክፍል የለም» ይላል። ሌላው «እኔማ ገና መርከቡ ሳይነሳ ነው የምዘጋው» ይላል። እኔ አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ከተከታታዩ ሁሉ እየደጋገምኩ የማየው ይሄን ነው። ደግሞ ሰዎች የሚጠሉበት ምክንያትና እኔ የምወድበት ምክንያት አንድ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ተከታታዩ በፈረንጆቹ 1981 በቢቢሲ የጀመረ፣ የጆን ሱሊቫን ድርሰት ነው። ደቡብ ለንደን ፔክሃም ውስጥ፣ ኔልሰን ማንዴላ ሃውስ በሚባል ፎቅ ላይ የሚኖሩ ወንድማማቾች አሉ። ታላቁ ዴል ቦይ ነው፤ ያገኘውን ሁሉ እየሸጠ «በሚቀጥለው ዓመት ሚሊየነር እንሆናለን» የሚል የመንገድ ላይ ነጋዴ። ታናሹ ሮድኒ ነው፤ የወንድሙን ዕቅድ ሁሉ እየተቃወመ በመጨረሻ አብሮ የሚገባበት ልጅ። ዴልን ዴቪድ ጄሰን፣ ሮድኒን ኒኮላስ ሊንድኸርስት ይጫወቱታል። መጀመሪያ አብሯቸው የሚኖረው አያታቸው ነበር። አያትየውን የሚጫወተው ሌናርድ ፒርስ በ1984 መጨረሻ ሲሞት፣ በቦታው የአያትየው ወንድም አጎት አልበርት ገቡ። ነጭ ጺም ያላቸው፣ የባሕር ኃይል ወሬያቸው የማያልቅ ሽማግሌ ናቸው።

«ቱ ሃል ኤንድ ባክ» የታየው በ1985 የፈረንጆች ገና ዕለት ነው። ርዝመቱ 90 ደቂቃ ነው፤ ያኔ መደበኛው ክፍል ግማሽ ሰዓት ነበር። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የተለመዱት ክፍሎች ስቱዲዮ ውስጥ፣ ተመልካች ፊት ስለሚቀረጹ ቀልድ በመጣ ቁጥር የሰው ሳቅ ይሰማል። ይሄኛው ግን እንደ ሲኒማ በፊልም ካሜራ፣ እውነተኛ ቦታ ላይ ተቀረጸ። ከኋላ የሚስቅ ሰው የለም። ዴል አንድ ነገር ይናገራል፣ ከዚያ ጸጥታ ነው። ነፋስ ይሰማል። የመኪና ሞተር ይሰማል።

ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። ዴፖው ውስጥ ለጡረታ የተቃረቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ አሉ፤ ያን የገና ምሽት በቀጥታ አይተውታል። «የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ፤ ቤቱ ሁሉ እርስ በርስ ተያየ» ይላሉ። እሳቸው እንዲያውም የዚያን ምሽት አሸናፊ «ማይንደር» ነበር ባይ ናቸው። እውነትም በዚያው ምሽት በተፎካካሪው ጣቢያ በአይ ቲ ቪ ላይ «ማይንደር ኦን ዘ ኦሪየንት ኤክስፕረስ» ይታይ ነበር። ሁለቱም የለንደን አጭበርባሪ ነጋዴ ታሪክ፣ ሁለቱም ረጅም የበዓል ክፍል። ወጣቶቹ ደግሞ በተቃራኒው ናቸው። የተቀዳ ሳቅ ስለሚያናድዳቸው «የምናየው ይሄን ብቻ ነው» ይላሉ። አንዷ ልጅ ተከታታዩን በዚህ ክፍል ነው የጀመረችው፤ ወደሌሎቹ ስትሄድ ሳቁ ረበሻት።

እኔ ሳቁን አልጠላም። ግን ዴል ቦይ ምን ያህል በጭንቅ ላይ ያለ ሰው እንደሆነ ያየሁት ሳቁ ሲወገድ ነው። በሌሎቹ ክፍሎች ሲያጭበረብር ሕዝቡ ከጎኑ ነው፤ ሳቁ ይሸፍነዋል። እዚህ ግን የሚሸፍነው የለም። ሠላሳዎቹን እያገባደደ ያለ ሰው፣ ወንድሙንና አጎቱን የሚመግብ፣ ባዶ ኪስ ይዞ የሀብታም ወሬ የሚያወራ። ያስቃል፤ አንጀትም ይበላል።

ወደ ታሪኩ ልግባ። መኪና ሻጩ ቦይሲና ባልንጀራው አብዱል ከሆላንድ አልማዝ በድብቅ ማስገባት ይፈልጋሉ። ራሳቸው መሄድ ይፈራሉ። ለዴል 15,000 ፓውንድ ቃል ይገቡለታል። በዚያው ሰሞን ዋና ኢንስፔክተር ስሌተር አልማዝ አስገቢዎችን ፍለጋ ሰፈሩን እያሰሰ ነው። ስሌተር ከዴል ጋር ከትምህርት ቤት ጀምሮ ይተዋወቃል፤ እንደ እሱ የሚጠላ ሰው ፔክሃም ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰዎቹ በምስጢር መነጋገር አለባቸው። የመረጡት ቦታ የሾፌሩ የዴንዚል ጭነት መኪና ሆድ ነው። ዴል እውስጥ እንዳለ በሩ ይዘጋል። ዴንዚል ምንም ሳያውቅ ሞተር ያስነሳና ወደ ሰሜን፣ ወደ ወደብ ከተማዋ ሃል ይነዳል።

እዚህ ላይ እንደ ሾፌር ልናገር። ይሄን ክፍል ሲያወሩ ሰዎች ባሕሩን ያነሳሉ። እኔ ዴንዚልን አነሳለሁ። ፖል ባርበር የሚጫወተው ይሄ ሰው ረጅም መንገድ እየነዳ እንቅልፍ ያጣ፣ ኑሮ ያደከመው ነው። መሪ ላይ እያለ የዴልን ድምፅ ይሰማል። ከዚያም ሊሆን በማይችል ቦታ ዴልን ያያል። አእምሮዬ ተነካ ብሎ ይደነግጣል። ሌሊት ለነዳ ሰው ይህ ቀልድ ብቻ አይደለም። ሞተርዌይ ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ሬዲዮው ጠፍቶ፣ ሰው የጠራህ የሚመስልበት ሰዓት አለ። የባርበርን ፊት ተመልከቱት። ዓይኑን አያፈጥም፣ አፉን አይከፍትም። ዝም ብሎ መንገዱን ያያል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጨንቀዋል። ሳቅ ቢኖርበት ኖሮ ያ ዝግታ አይገኝም ነበር፤ ተዋናዩ ሳቁ እስኪያልፍ መጠበቅ ነበረበት።

ሮድኒና አጎት አልበርትም ተከትለውት ሃል ሲደርሱ ዴል የተለመደው ብልሃት ይመጣለታል። ለምን በትንሽ ጀልባ አንሄድም? ካፒቴን ደግሞ ቤት ውስጥ አለ፤ አጎት አልበርት። ሮድኒ ይቃወማል፣ ሰሚ የለም። «ኢንጌ» የምትባል ጀልባ ተከራይተው ሰሜን ባሕር ውስጥ ይገባሉ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሃያ ደቂቃ ገደማ ለእኔ የተከታታዩ ምርጥ ክፍል ነው። ሰማዩ ግራጫ፣ ባሕሩ ግራጫ። ሮድኒ ባሕሩ አጥወልውሎት ፊቱ አመድ መስሏል። ዴል የካፒቴን ወግ ይዟል። አጎት አልበርት መሪውን ጨብጠዋል። ስንት ዓመት የሰማነው የባሕር ታሪክ አሁን ሊመሰከር ነው ትላላችሁ። ቀስ በቀስ ግን የት እንዳሉ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ይገባችኋል። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል፤ ባሕር ኃይል ሳሉ አቅጣጫ የሚያዩት እንዴት ነበር? መልሱ አጭር ነው። አልበርት እላይ ሆነው አያውቁም። ሥራቸው እታች፣ ቦይለር ክፍል ነበር።

ይሄን ትዕይንት በደንብ እዩት። ወንድማማቾቹ ወዲያው አይጮሁም። መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ካሜራው ፊታቸው ላይ ይቆያል፣ ከኋላ ማዕበል ይሰማል። የተናደደው የሮድኒ ፊት ሳይሆን የዴል ፊት ነው የሚገርመኝ። ሌላውን ሲያታልል የኖረ ሰው፣ እቤቱ ባለው ሽማግሌ ተረት መታለሉን ያወቀበት ቅጽበት ነው። ባስተር ሜሪፊልድ ደግሞ አልበርትን እንደ ውሸታም አይጫወቱትም። የጠየቃቸው ሰው ስላልነበረ ያልተናገሩ አስመስለው ነው የሚሉት። ሜሪፊልድ ሙያቸው ባንክ ነበር፤ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሠርተው ነው በስተርጅና ወደ ትወና የገቡት። የሥራ ሰው ርጋታ ፊታቸው ላይ አለ።

ቀጥሎ የነዳጅና ጋዝ መቆፈሪያው መድረክ ይመጣል። ይሄን ትዕይንት ክፍሉን የሚጠሉትም ይወዱታል። ባሕር መሃል ላይ እንደ ፎቅ የቆመ ግዙፍ ብረት አለ። ከሥሩ ትንሿ ኢንጌ ትወዛወዛለች። ዴል አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ጎረቤት መንገድ እንደሚጠይቅ፣ ሆላንድ በየት በኩል ነው ብሎ ይጮሃል። እላይ ያለው ሠራተኛ የሰማውን ማመን ያቅተዋል። እንደገና ያስጠይቃል። ከዚያ በእጁ ያሳየዋል። ዴል አመስግኖ ይሄዳል። አለቀ። ምንም ማብራሪያ የለም፣ ምንም ተጨማሪ ቀልድ የለም። ከሩቅ ተቀርጾ ጀልባዋ የጫማ ሳጥን ሲያክል መታየቷ ነው ቀልዱ። ይሄ ስቱዲዮ ውስጥ አይሠራም።

አምስተርዳም ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ከተማዋ ታምራለች፣ ሥራው ግን ተራ ነው። አልማዝ ይገዛል፣ ገንዘቡ ላይ ችግር ይመጣል፣ በቦዩ ላይ በጀልባ መሯሯጥ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ማሳደድ ሌላም ቦታ ታገኙታላችሁ። ዴልና ሮድኒ ሲሮጡ ከማየት ሲጨቃጨቁ መስማት ይሻለኛል። አብዱልም ብዙ አልተሠራበትም። የመጀመሪያው ሩብ ደግሞ ቀርፋፋ ነው፤ ባልደረባዬ «ገና ከፔክሃም ሳይወጡ እንቅልፍ ወሰደኝ» ሲሉ ሙሉ በሙሉ አልፈርድባቸውም።

መጨረሻው አካባቢ ክፍሉን የሚታደገው ስሌተር ነው። ጂም ብሮድበንት ይህን ፖሊስ ሲጫወት ድምፁን ከፍ አያደርግም። ፈገግ ይላል፣ እና ያ ፈገግታ ያስጠላል። ብሮድበንት መጀመሪያ ዴል ቦይን እንዲጫወት ተጠይቆ ነበር፤ ሌላ ሥራ ስለያዘው ነው ያልሆነው። ኋላ ኦስካር ያሸነፈ ተዋናይ ነው፤ እዚህም ችሎታው ይታያል። ስሌተር ምን እንደሚደርስበት አልነግራችሁም። የዴልን ገንዘብ ዕጣ ፈንታም አልነግራችሁም። የመጨረሻዋን ደቂቃ ግን ወደ ኩሽና እየሄዳችሁ እንዳታመልጣችሁ።

«ችግሩ ሳቅ አለመኖሩ ነው» ለሚሉት አንድ መልስ አለኝ። በቀጣዩ ዓመት ገና፣ በ1986፣ «ኤ ሮያል ፍለሽ» የሚል ክፍል መጣ። እሱም ያለ ሳቅ ነው የተላለፈው። ሮድኒ የመስፍን ልጅ ይተዋወቃል፤ ዴል እራት ላይ ሰክሮ ያዋርደዋል። ብዙ አድናቂ ይጠላዋል፣ እኔም እጠላዋለሁ። በኋላ ለዲቪዲ ሲወጣ ተቆራርጦ ሳቅ ተጨመረበት፤ አልዳነም። ስለዚህ ጉዳዩ ጸጥታው አይደለም። «ሮያል ፍለሽ» ላይ ጸጥታው የሚያሳየን ወንድሙን የሚያሳፍር ሰው ነው። «ቱ ሃል» ላይ የሚያሳየን ግን አንድ ጀልባ ላይ የተሳፈሩ፣ መንገድ የጠፋባቸው፣ ያም ሆኖ የማይለያዩ ሦስት ሰዎች ነው። እየተሰዳደቡ አብረው ይጓዛሉ። አንዱ ሲያስመልስ ሌላው ይይዘዋል።

ከ1989 ጀምሮ ሱሊቫን ክፍሎቹን ወደ 50 ደቂቃ አስረዘማቸው። ሳቁ ተመለሰ፣ ግን ሐዘንና ፍቅርም በሰፊው ገባ። እኔ የዚያ ድፍረት መነሻ እዚህ ያለ ይመስለኛል። ሰዎቹ ቀልድ ሳይወረውሩም ሊታዩ እንደሚችሉ የተፈተነው ሰሜን ባሕር ላይ ነው።

ለማየት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ምክሬ ይሄ ነው። በቀጥታ በዚህ አትጀምሩ። መጀመሪያ አጎት አልበርት የሚመጡበትን «ስትሬይንድ ሪሌሽንስ»፣ ከዚያ ስሌተር የሚመጣበትን «ሜይ ዘ ፎርስ ቢ ዊዝ ዩ» እዩ። የአልበርት ወሬ ሳያሰለቻችሁ ቦይለር ክፍሉ አያስቃችሁም። የዴል ንግግር ፈጣን የለንደን አራዳ ቋንቋ ስለሆነ የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ክፈቱት፤ እዚህ ስንት ዓመት የኖርን ሰዎችም እንከፍተዋለን። ማስታወቂያ በሚያቆራርጠው ጣቢያ አትዩት፣ ጸጥታው ይበላሻል። የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ታገሡ። ጭነት መኪናው ሃል ሲገባ ነገሩ ይስተካከላል።