ሳሪስ አቦ አጠገብ ያለችው የጾም ምግብ ቤት፣ በአንዲት የስኳር ሕመምተኛ ጾመኛ ዓይን

ዓይነት 2 ስኳር እንዳለብኝ ካወቅሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ከዚያ ወዲህ ኅዳር 15 በተቃረበ ቁጥር ጭንቀት ይይዘኛል፤ ጾመ ነቢያትን መተው አልፈልግም፣ በጾሙ ሰበብ ራሴን መጉዳትም አልፈልግም። አምና የምበላው መሥሪያ ቤቴ አጠገብ ካለ አንድ ቤት ነበር። በያይነቱ ብለው የሚያቀርቡት ጎመን ዘይት ያንጠባጥባል፣ ከጎኑ ሩዝ፣ ፓስታና የተጠበሰ ድንች ይከመርበታል። ከበላሁ ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ስኳሬን ስለካ 236 (ሚሊግራም በዴሲሊትር) አየሁ፣ ከልክ በላይ። የገና በዓል ሲደርስ 3 ኪሎ ጨምሬ ነበር። በጾም መወፈር አሳዘነኝ፤ የንስሐ አባቴ ፊት አልቅሻለሁ።

ዘንድሮ ሳልጀምር በፊት ሐኪሜን አማከርኩ። ኢንሱሊን ስለማልወጋ ፈቀደልኝ፤ የመድኃኒቴንም ሰዓት ከምበላበት ሰዓት ጋር አስማማልኝ። ስኳሬ ከ70 ከወረደ ግን ሰዓቱ ባይደርስም ወዲያው እንድቀምስ አስጠነቀቀኝ። የንስሐ አባቴም ያሉኝ ይህንኑ ነው፤ «ሥጋሽ የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው፣ ሐኪምሽን ስሚ» አሉኝ። የሚቀረኝ እንደ ልቤ የሚሆን ምግብ ማግኘት ነበር።

ቤቷን የጠቆመችኝ አብራኝ የምታስቀድስ ሴት ናት። ከሳሪስ አቦ ቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ ውስጥ ሲገባ ግራጫ በር አለ፤ ማስታወቂያ የለውም። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ናት። ከእሁድ በቀር በጾም ቀን ከ9 ሰዓት በፊት ምግብ አይወጣም፤ ቅዳሴ ያስቀደሰ ሰው ጠበል እንደጠጣ በቀጥታ ይመጣል። ባለቤቷ ስድሳውን የተሻገሩ እናት ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን።

መጀመሪያ ቀን «እትዬ፣ ስኳር አለብኝ» ስላቸው ምንም አልጠየቁኝም። እንጀራውን ከመሃል ቀደው ግማሹን መለሱ፤ የሰርገኛ ጤፍ እንጀራ ነው። ቦታውን በጥራጥሬና በጎመን ሞሉት። «የኔ ልጅ፣ ዳንኤልና ጓደኞቹ እኮ አሥር ቀን ጥራጥሬና ውኃ ነው የበሉት፤ ፊታቸው ከሁሉ አምሮ ታየ» አሉኝ። ስንት ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ ሳህኔ ላይ ሳየው ግን ሌላ ሆነብኝ።

ስለ አዚፋው ልንገራችሁ። ድፍን ምስሩ ተቀቅሎ ቀዝቅዟል፣ ግማሹ ብቻ ነው የተፈጨው፤ ጥርስ ላይ ይሰማል። ሰናፍጩ አፍንጫ ድረስ ይወጣል፣ ቃሪያው በደቃቁ ተከትፏል። ሎሚውን የሚጨምቁት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ እዚያው ፊታችሁ። ሎሚው ለጣዕም ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ይረዳል። ሻይ ደግሞ በተቃራኒው ስለሚያግደው እትዬ ከምግብ ጋር ሻይ አያቀርቡም። ጥቂት ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ ቅርንፉድና ቀረፋ ገብቶበት፣ ስኳሩም ለብቻው። ስልጆውም የቤት ነው። ከባቄላ ዱቄት ተገንፍቶ፣ ለቀናት ተብላልቶ የመጣ፣ ጎምዛዛ። እንዲህ ያለ ስልጆ ከእናቴ ቤት ወዲህ አልቀመስኩም። ጎመኑ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተቁላልቶ የሚወጣ ነው፣ ዘይቱ ሳህኑ ላይ አይታይም።

ከበላሁ በኋላ እስከ አደይ አበባ ሰፈር በእግሬ እሄዳለሁ፣ 20 ደቂቃ ገደማ። በሦስተኛው ቀን ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ 141 አየሁ። መለኪያውን ተጠራጥሬ ደገምኩት፤ 138 አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ መንገድ ላይ ቆሜ።

የማልወደውን ደግሞ ልናገር። ሽሮው ጨው ይበዛበታል። የደም ግፊት ያለበት ሰው ቀድሞ ይንገራቸው፣ ለብቻ ይሠሩለታል፤ ግን ሳይነገራቸውም ቢቀንሱት እመኛለሁ። ተልባው ላይ ማር ቀድመው ይጨምራሉ፤ «ያለ ማር» ማለት አለባችሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ወረፋው ረጅም ነው፣ ጠዋት ደግሞ የታኅሣሥ ውርጭ አጥንት ይሰብራል። በር ላይ የሚጠብቁ አዛውንቶች አሉ፤ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢወጣላቸው ምን ነበረበት።

አንድ ሰው 220 ብር ይከፍላል። በያይነቱን ለሁለት የሚካፈሉም አሉ፣ ማንም ክፉ ዓይን አያያቸውም። ስኳር ያለበት ሰው እንደኔ ሐኪሙን አማክሮ ይሂድ፤ ግፊት ያለበትም ስለ ጨው ቀድሞ እየነገራቸው ይሂድ። ከ11 ሰዓት በኋላ ስልጆው ስለሚያልቅ ዘግይታችሁ አትምጡ። የገና ዋዜማ ዕለት ቤቷ ዝግ ናት፤ እትዬ ለማኅሌቱ ቤተ ክርስቲያን ያድራሉ።