ከአዳማ የችግኝ መሸጫ የገዛሁት ኦሬጋኖ

አዳማ ውስጥ መንገድ ዳር ከሚገኝ አንድ የችግኝ መሸጫ፣ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ሁለት የኦሬጋኖ (ቅጠሉ ለምግብ ማጣፈጫ የሚሆን መዓዛማ ተክል) ችግኞች ገዝቼ ሦስት ወር ተንከባክቤያቸዋለሁ። ሥራቸው የጠና፣ ቅጠላቸውም ሲታሽ ሽታው እጅ ላይ የሚቀር ስለነበር በችግኞቹ ጥራት ቅሬታ የለኝም።

ቅር ያሰኘኝ ምክሩ ነው። ሻጩ ጥላ ሥር አስቀምጬ በየቀኑ ውኃ እንዳጠጣቸው ነገረኝ፤ ይሁን እንጂ ኦሬጋኖ በሜዲትራኒያን አካባቢ በደረቅና ድንጋያማ ተዳፋት ላይ የሚበቅል ተክል በመሆኑ በቀን 6 ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። በምክሩ መሠረት በረንዳ ጥግ ያኖርኩት ችግኝ ግንዱ ቀጥኖ ወደ ብርሃኑ ተሳበ፣ የታችኛው ቅጠሉም ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውን ግን ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደማይለየው የግቢ ግድግዳ ሥር ወስጄ፣ ታቹ በተበሳ ባልዲ ውስጥ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር ተክዬ፣ የላይኛው አፈር ሲደርቅ ብቻ በማጠጣቴ ጥቅጥቅ ብሎ ተንሰራፋ። ግድግዳው አቧራማውን የአዳማ ነፋስም ይሰብርለታል።

ለችግኝ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ የማስቀመጫውን ቦታ ግን ራሴ እመርጣለሁ።