ጠፍጣፋ ዳይ፣ ቀለበት ዳይ ወይስ የብሪኬት መጭመቂያ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ገዢዎች የቀረበ ንጽጽር

ከሰጋቱራ ማገዶ የሚሠራ ማሽን ለመግዛት የተነሳ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው «በሰዓት ይህን ያህል ኪሎ» በሚለው ቁጥር ላይ ነው። ወሎ ውስጥ ግን ከዚያ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ በቀን ስንት ኪሎ ሰጋቱራ ማድረቅ ይችላሉ? ማሽኑ ከደረቀው በላይ አይጨምቅም።

ሒሳቡ ይህን ይመስላል። አዲስ የተሰነጠቀ የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው። ለፔሌት፣ ማለትም ተጨምቆ እንደ ፍሬ ለሚወጣ ማገዶ፣ የሚሆነው ደግሞ እርጥበቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ፣ ቢቻል 12 አካባቢ ሲሆን ነው። በሰዓት 150 ኪሎ የሚያወጣ ማሽን 8 ሰዓት ቢሠራ 1,200 ኪሎ ፔሌት ይሰጣል። ለዚህ 2,100 ኪሎ ያህል እርጥብ ሰጋቱራ ያስፈልጋል፤ በየቀኑ 900 ሊትር ያህል ውሃ ይተናል ማለት ነው። የአንዱን ሜትር ኩብ ክብደት 300 ኪሎ ብንይዝና ሰጋቱራውን በ4 ሳንቲሜትር ውፍረት ብናሰጣ 175 ካሬ ሜትር ይፈጃል። ለመድረቅ ሁለት ቀን ከወሰደበት ደግሞ 350 ካሬ ሜትር። ይህ ቦታ የሌለው ሰው ትልቅ ማሽን ቢገዛ ሥራ ፈት ብረት አስቀመጠ ማለት ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሲተኛባት የተሰጣ ሰጋቱራ እንደ ዋለ ያድራል። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ፀሐይዋ የተሻለ ታደርቃለች። የወሎ አምራች በልግንም ማሰብ አለበት፤ የካቲትና መጋቢት ላይ ሰማዩ ጠራ ብሎ ሸራ ሳይዝ የሚያሰጣ ሰው የሳምንት ድካሙን በአንድ ከሰዓት ዝናብ ያጣል። ስለዚህ ጥሬ ዕቃው ከጣውላ መሰንጠቂያ የሚመጣ ከሆነ ማሽኑን ኮምቦልቻ መትከል ይሻላል። ከቤት ዕቃ አናጺዎች የሚሰበሰበው ሰጋቱራ ግን ከደረቀ ጣውላ የወጣ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ማስጣት አይፈልግም፤ እሱን ይዞ ደሴ ላይም መሥራት ይቻላል። ከኤምዲኤፍ፣ ከቺፑድና ቀለም ከተቀባ እንጨት የወጣው አይቀላቀል፤ ሙጫውና ቀለሙ ሲቃጠሉ ጭሳቸው ለጤና ጎጂ ነው።

እርጥበቱን በእጅ ከመገመት መመዘን ይበልጣል። 100 ግራም ሰጋቱራ በጣሳ አድርገው፣ እንዳያር በለስላሳ እሳት እያመሱ ደጋግመው ይመዝኑት። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም የጎደለው ግራም የእርጥበቱ መቶኛ ነው፤ 88 ግራም ከቀረ 12 በመቶ ነበር ማለት ነው።

ጠፍጣፋ ዳይ

ዳይ የሚባለው ፔሌቱ የሚወጣበት ባለ ቀዳዳ ወፍራም ብረት ነው። በዚህ ማሽን ላይ እንደ ምጣድ ተኝቶ ሮለሮች ከላይ ይደፈጥጡበታል። 15 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው በእንጨት ላይ በሰዓት ከ100 እስከ 150 ኪሎ ቢሰጥ ጥሩ ነው። ገዢ የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ለከብት መኖ የተሰላ ነው። መኖ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ያልፋል፤ በእንጨት ላይ ምርቱ ወደ ግማሽና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሻጩን «በባሕር ዛፍ ሰጋቱራ ስንት ያወጣል? ዳዩስ ለእንጨት የተበሳ ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ቢቻል የራስዎን ሰጋቱራ ይዘው ሄደው ያስሞክሩ።

ይህ ማሽን ለእኛ አካባቢ ያለው ትልቁ ብልጫ መብራት ሲጠፋ ይታያል። ሥራ ላይ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው እንጨት ቀዝቅዞ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ጠፍጣፋውን ዳይ አንድ ሰው ብሎኑን ፈትቶ፣ ሮለሩን አንስቶ፣ ቀዳዳዎቹን በትራፓን አንድ በአንድ ሊያጸዳ ይችላል። በናፍጣ ሞተር የሚሠራውም ዓይነት አለ።

ድካሙ ደግሞ በየቀኑ ነው። አዲስ ዳይ በዘይት በራሰ ሰጋቱራና በጥቂት ደቃቅ አሸዋ ተሠርቶበት ቀዳዳው እስኪለሰልስ ድረስ ለሽያጭ የሚሆን ፔሌት አይወጣውም። በሮለሩና በዳዩ መካከል ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ከጠበቀ ብረት ብረትን ይበላል፤ ከሰፋ ሰጋቱራው ቀዳዳ ውስጥ ሳይገባ ሮለሩ ሥር ይንሸራተታል። የሮለሩ ኩሽኔታ ሙቀት የሚችል ግሪስ ካላገኘ ቶሎ ይሞታል። ማታ ከማጥፋትዎ በፊት በዘይት የራሰ ሰጋቱራ አሳልፈው ቀዳዳዎቹን በእሱ ሞልተው ያሳድሩ፤ ጠዋት ማሽኑ ሳይታገል ይነሳል።

የሚወጣውን ፔሌት እያዩ ስህተቱን ማወቅ ይቻላል። እንፋሎት እየተፋ ለስላሳና ተሰንጣቂ ሆኖ ከወጣ ሰጋቱራው እርጥብ ነው። ዱቄት ብቻ ከወጣ ወይም ጭስ እየሸተተ ቀዳዳው ከተደፈነ ከመጠን በላይ ደርቋል፤ ውሃ አርከፍክፈው፣ አገላብጠው፣ ሸፍነው ያሳድሩት። ስፋቱ ወጥ ያልሆነ ሰጋቱራና የእንጨት ስብርባሪ በመዶሻ ወፍጮ በ5 ሚሊ ሜትር ወንፊት ማለፍ አለበት።

ቀለበት ዳይ

ዳዩ እንደ ጎማ ቆሞ ይሽከረከራል፤ ሮለሮቹ ከውስጥ ሆነው ሰጋቱራውን ወደ ውጭ ይገፉታል። በሰዓት ከ500 ኪሎ እስከ 1 ቶን ለማውጣት ከ55 እስከ 90 ኪሎ ዋት ሞተር ይፈልጋል፤ ይህም የራሱ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል ማለት ነው። ፔሌቱ ወጥ ነው፣ ዳዩም ረጅም ጊዜ ያገለግላል። ነገር ግን በፀሐይ ብቻ አይመገብም፤ ባለ በርሜል ማድረቂያና ማቀዝቀዣ አብረው ካልተገዙ ማሽኑ ይራባል። ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአምስት ወጣቶች ማኅበር አንመክረውም።

የብሪኬት መጭመቂያ

ብሎን መሰል ብረት ሰጋቱራውን በጋለ ቱቦ ውስጥ ገፍቶ መሐሉ ክፍት የሆነ ግንድ አድርጎ ያወጣዋል። እርጥበቱ ከፔሌቱም ያነሰ፣ ከ8 እስከ 10 በመቶ መሆን አለበት። የብሎኑ ጫፍ ቶሎ ስለሚበላ በጠንካራ ኤሌክትሮድ እየደረበ የሚያድሰው ጎበዝ በያጅ ቅርብ መገኘት ይኖርበታል።

ታዲያ ለምን ይገዛል ቢሉ፣ መልሱ ገዢው ቤት ያለው ምድጃ ነው። ፔሌት ላቀች በተባለው የከሰል ምድጃ ላይ እንደ ከሰል አይነድም፤ አየር ከታችና ከላይ የሚያገኝበት፣ ለእሱ ተብሎ የተሠራ ምድጃ ይፈልጋል። ብሪኬት ግን ተሰብሮ «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ ውስጥ እንደ ፍልጥ ይገባል። እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ እናቶች ለማቅረብ ካሰቡ ብሪኬት ነገ ይሸጣል። ፔሌት የሚያዋጣው ምድጃውን አብሮ ለሚያቀርብ፣ ወይም ቦይለሩን ለፔሌት ካስተካከለ ድርጅት ጋር ውል ላለው ሰው ነው።

የማሽላ አገዳንና የጤፍ ጭድን ለመጨመቅ የሚያስቡ አሉ። አመዳቸው ከእንጨት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ምድጃ ውስጥም ቀልጦ ይጋገራል። ከዚያ በላይ ግን ቆቦና ራያ ላይ አገዳ የከብት ቀለብ ነው፤ ከላም አፍ ነጥቆ ማንደድ አይገባም።

ማከማቻ

ፔሌት ከማሽኑ ሲወጣ ከ70 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሳይበርድ ከታሰረ ወበቁ ላስቲኩ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይመለስና ያፈርሰዋል። ወንፊት ላይ በርዶ፣ ብናኙ ተነፍቶ፣ ውስጡ ላስቲክ ባለው ማዳበሪያ ይታሰር፤ ላስቲክ የሌለው ማዳበሪያ የክረምቱን እርጥበት ያስገባል። ሊሾም ቢሆን ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ርብራብ ተሠርቶለት ከግድግዳ አንድ ክንድ ይራቅ። 1 ቶን ፔሌት 1.5 ሜትር ኩብ ያህል ቦታ ብቻ ይይዛል። ጥራቱን ለማየት አንድ ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ይጣሉ፤ ጥሩው ይሰጥማል፣ በደንብ ያልተጨመቀው ይንሳፈፋል።

ብዙ ፔሌት የታጨቀበት ዝግ ክፍል ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ያጠራቅማል፤ ኦክስጅኑም ይቀንሳል። መጋዘኑ ከላይም ከታችም መተንፈሻ ይኑረው፤ ተዘግቶ ከከረመ በሩ ተከፍቶ በደንብ ሳይናፈስ ማንም አይግባ፣ በተለይ ልጆች። እርጥብ ሰጋቱራም ከ2 ሜትር በላይ አይከመር፤ ውስጡ በራሱ ጊዜ ይግላል፣ ሲብስም እሳት ያስነሳል።